ወደ ግራ ያላዞርኩት መሪ

ባለፈው ሳምንት ልደታ አካባቢ መንገድ ልሻገር ቆሜ ሳለ፣ አንዲት በኤሌክትሪክ የምትሄድ ሳይክል ድምፅ ሳታሰማ አጠገቤ መጥታ ቆመች። ነጂው መሪውን ወደ ግራ ጥምዝዝ አድርጎ መብራቱን ይጠብቃል። የኔ ዓይን ከእጀታው ሥር በምትወጣው ቀጭን ሽቦ ላይ ተተከለ። ሰውየው ከሄደ በኋላ እንኳ መሻገሬን ረስቼ ቆሜ ቀረሁ።

ነገሩ የቆየ ነው። ከሚሊኒየሙ በዓል ጥቂት ዓመት በኋላ፣ ጉልበቴ ገና ሳይከዳኝ። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ እቤታችን በር ላይ፣ ባለቤቴ በላቸው ሬዲዮና ሳይክል ይጠግን ነበር። ኋላ ዓይኑን ሞራ ጋረደው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ሽቦን ግን በቀለሙ አውቃለሁ፤ እስታኞ አቅልጦ ሽቦ ከሽቦ ማያያዝንም ከጎኑ ተቀምጬ ለምጄው ነበር። እሱ ይናገራል፣ እኔ እሠራለሁ። ሥራው ሲያልቅ አንድ በአንድ ይጠይቀኛል፤ «ፍሬኑን አየሽው?» «አየሁት።» «ቁልፉንስ?» «አየሁት።» ልክ እንደ ጸሎት ነበር። እኔ «አየሁት» ካላልኩ ዕቃ ከደጃችን አይወጣም።

ጋሽ ታምራት የሚባሉ ደንበኛ ነበሩን። ልደታ ፍርድ ቤት አጠገብ ጃንጥላ ዘርግተው ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፉ፣ አንድ እግራቸው የማይታዘዝላቸው ሰው ናቸው። የኤሌክትሪክ ሳይክላቸውን እየገፉ መጡ።

«ይቺ ጉደኛ ሳላዛት ትሮጣለች» አሉ። «ትናንት ባለ ቲማቲሟ ጭን ላይ ልታስቀምጠኝ ምንም አልቀራት!»

«ባለ ቲማቲሟ ምን አለች?» አለ በላቸው።

«ቲማቲሙን ግዛና ተቀመጥ አለቻ!»

ቀኝ እጅ ላይ ጠምዘዝ ሲያደርጉት ፍጥነት የሚሰጠው እጀታ ሦስት ቀጫጭን ሽቦ አለው፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ጥቁር። ሽቦዎቹ ኮንትሮለር ወደሚሉት ሳጥን ይገባሉ፤ ለሞተሩ ኤሌክትሪክ እየመጠነ የሚሰጠው እሱ ነው። ጥቁሯ ሽቦ ከተቆረጠች ሳጥኑ ይታለላል፤ ሰውየው እጀታውን እስከ መጨረሻ የጠመዘዘ ይመስለውና ሞተሩን ይለቀዋል። እኔም ጥቁሯን ሽቦ መሪው አንገት ላይ ልትበጠስ ሳስታ አገኘኋት። ቆርጬ ቀጠልኳት፤ ናስትሮ ጠቀለልኩባት።

ቀኑ ግንቦት ልደታ ነበር። የሰፈሩ ሴቶች ደጅ ላይ ንፍሮ ጥደዋል፤ በዚያ ላይ ጠዋት ካፊያ ጥሎ ስለነበር የባቄላው ሽታ ከእርጥብ አፈር ሽታ ጋር ተደባልቆ ይጣራል። «አስካለ! ንፍሮው ሊያልቅብሽ ነው!» ይሉኛል። እኔም ቸኮልኩ። የኋላ ጎማውን ከመሬት አንሥቼ እጀታውን ሞከርኩት፤ ሲጠመዝዙት ዞረ፣ ሲለቁት ቆመ።

«መሪውን እስከ ዳር ወደ ግራ አዙረሽ አየሽው?» አለ በላቸው።

አላዞርኩትም። «አየሁት» አልኩ።

ጋሽ ታምራት መርቀውኝ ሄዱ።

የመጀመሪያውን እፍኝ ንፍሮ ቃምኩ፤ ሁለተኛውን ወደ አፌ ሳላደርስ ነገሩ ትዝ አለኝ። ቅጥያዋ ያረፈችው መሪው ሲዞር ሽቦው በሚወጠርበት ቦታ ላይ ነው። ሰውየው የሚያልፉት ደግሞ በልደታ ማርያም ደጅ ነው፤ የዕለቱ ሕዝብ መንገዱን ሞልቶት፣ ሕፃን ያዘለች፣ ምርኩዝ የያዘ፣ አስፋልቱ ዳር የተቀመጠ የኔ ቢጤ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ሮጥኩ። የታክሲ ረዳቱ «እትዬ፣ ቦታ አለ እኮ፣ ምን ያስሮጥዎታል!» እያለ ሳቀብኝ። ከፊቴ ጩኸት በተሰማ ቁጥር እሳቸው ናቸው እላለሁ፤ መዝሙር ነበር። እልልታውን ሁሉ ኡኡታ አድርጌ ሰማሁት።

ጋሽ ታምራትን ያገኘኋቸው ደጀ ሰላሙ ጋ ወርደው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ሲሳለሙ ነው።

«እንዳይነዷት!» አልኩ፤ ትንፋሼ ተቆራርጦ። «ሳልፈትሽ ነው የሰጠሁዎት።»

«ባልሽ ሲጠይቅሽ አየሁት አላልሽም?»

«ዋሽቼ ነው።»

የኋላ ጎማውን አንሥቼ ቁልፉን ከፈትኩና መሪውን ወደ ግራ አዞርኩ። እጀታውን ማንም አልነካውም። ጎማው በራሱ ጊዜ እየጮኸ ይሽከረከር ጀመር። አጠገባችን የነበሩ ሴቶች እያማተቡ ሸሹ። ቶሎ ብዬ ቁልፉን ዘጋሁት።

ጋሽ ታምራት ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ «ስንት ክስ ጽፌያለሁ» አሉ፤ «ተከሳሽ ራሱ ሮጦ ሲመጣ ያየሁት ግን ዛሬ ነው። ግፊያት በይ፣ እንመለስ።»

ለበላቸው ሁሉንም ነገርኩት። አልተቆጣም። «ሰው አልተጎዳም?» አለ ብቻ። ሽቦውን ረዘም አድርጌ፣ መሪው ሲዞር እንዳይወጠር አላልቼ ሠራሁት። ስጨርስ ጥያቄውን ጠበቅኩ። እሱ ግን እየዳበሰ መጥቶ መሪውን ያዘ፤ ራሱ ወደ ግራ፣ ራሱ ወደ ቀኝ አዞረው፤ ጎማው ጸጥ ማለቱንም ጆሮውን ደፍቶ አዳመጠ። ከዚያም «ይውሰዷት» አለ።

በላቸው ካረፈ ቆይቷል። ዛሬ የበሩን ቁልፍ ሦስቴ አራቴ ስነካካ ልጆቼ «እማዬ፣ ፍርሃት አበዛሽ» ይሉኛል። ይበሉኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ከባሌ ጋር ስንት ዓመት፣ ስንት ሳይክል ሠራን። ሁሉንም አዙሬ አየሁ፤ አንዱንም አልዘለልኩም። እሱ ግን እጁን መሪው ላይ ያሳርፋል እንጂ «አየሽው?» ብሎ ዳግመኛ አልጠየቀኝም።