ትንሽ ጦርነት

«ንዳድ ገደለው ብለሽ አልቅሺ አልኩ እንጂ አታልቅሺ አልኩሽ እንዴ?» አለ ጋሼ ጌታነህ። እጁ ላይ የደረቀውን ኖራ እየፈረፈረ ወለሉ ላይ ያራግፋል።

«ንዳድ! ንዳድ ሊይዘው ነው ሁለት ዓመት ሙሉ ጫካ የከረመው?» አለች እናቴ።

ልጅ ብሆንም ነገሩ ገብቶኛል። አባቴ ከአርበኞች ጋር ነበር፤ ከሰላሌ ቅቤ ይዞ የመጣ ነጋዴ ያን ዕለት በማለዳ ሞቱን ሹክ ብሎን ሄዷል። ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ያለችው ግቢያችን በጎረቤት ሴቶች ሞልታ የእናቴን መውጣት ትጠብቃለች። በእኛ ወግ ሰው እንዴት እንደሞተ በሙሾ ይነገርለታል። «ሥራው ያልተወራለት ሰው ግማሹ ብቻ ነው የተቀበረ» ይሉ ነበር ትልልቆቹ። ጣልያን ግን አርበኛን «ሽፍታ» ነው የሚለው። ለሽፍታ ያለቀሰ ይታሰራል፣ ቤቱም ይቃጠላል።

ጋሼ ጌታነህ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ያኔ ካዛንቺስ ለጣልያን ሹማምንት በሚሠሩት ቤቶች ግንበኛ ነበር። ወደ ቤት ሲመለስ እርጥብ ሲሚንቶ ይሸታል። ሴት ልጅ ፊደል ምን ይሠራላታል በሚባልበት ዘመን፣ የሲሚንቶውን ባዶ ከረጢት እየቀደደ ያመጣልኝ ነበር፤ መጻፍ የለመድኩት በዚያ ወረቀት ላይ በከሰል ነው። ፈሪ አልነበረም። እኛን እንዳናጣ ነበር የሚሰጋው።

«እሺ፣ ሌላ መላ አለኝ» አለ። «የጣልያኑ አለቃችን የካቦው ወንድም እስፓንያ ዘምቶ እዚያው ቀርቷል። ጫካ ገብቶ የሚዋጋውን እዚያ «ጉዌሪላ» ይሉታል አለኝ። በሙሾሽ አርበኛ ከምትዪ ጉዌሪላ በይ። ከሴቶቹ መሀል ወሬ አቀባይ ብትኖር እንኳ አይገባትም።»

«ምን ማለት ነው ጋሼ?» አልኩ። አዲስ ቃል ሰምቶ ዝም ማለት ያኔም አይሆንልኝም ነበር።

ደስ እያለው አስረዳኝ። ቃሉ የእስፓንያ ነው። «ጉዌራ» ጦርነት ነው፤ መጨረሻው ላይ የተቀጠለችው ማሳነሻ ናት። ድሮ ፈረንሳይ አገራቸውን በያዘ ጊዜ ገበሬው እየተሸሸገ ሲወጋው የገነነ ስም ነው። «በቃ፣ ትንሽ ጦርነት ማለት ነው» ብሎ ጨረሰ።

እናቴ ነጠላዋን ለሐዘን ልታዘቀዝቅ አንስታ ነበር፤ እጇ ቆመ።

«ትንሽ? ለማን ነው ትንሽ?»

«እትዬ፣ ስሙ ነው እንጂ…»

«ባሌን የበላውን ጦርነት ትንሽ ብዬ ላልቅሰው? ደግሞስ አንተ ሞኝ፣ ቃሉን ከማን ሰማኸው?»

«ከካቦው።»

«ከጣልያን የሰማኸውን ቃል ይዘህ ከጣልያን ልትሸሸግ! ጎረቤቶቼ አይገባቸውም፤ እሱ ግን ይገባዋል። ታዲያ ለማን ነው የማለቅሰው?»



ዛሬ ቃሉ ጋዜጣ ላይ ገብቷል። አንዱ «ጉሬላ» ይለዋል፣ ሌላው «ጉሪላ»። አንድ ቀን «ጎሪላ» ተብሎ ባየሁት ጊዜ፣ ጠመንጃ ያነገተ ዝንጀሮ ታይቶኝ ብቻዬን ሳቅሁ። ጋሼ በገነባቸው ቤቶች ጥግ ካዛንቺስ ቡና ቤት የሚሰበሰቡት ገጣሚ ጓደኞቼ ቃሉን ሲጠሩት ያምርባቸዋል። እኔም አልጠላውም፤ አገሩን የተቀማ ሕዝብ ያወጣው ስም ነው። ግን ግጥሜ ውስጥ ሊገባ በመጣ ቁጥር «ለማን?» የሚል ድምፅ ይቀድመዋል።

እናቴ ያን ቀን ግቢ መሀል ቆማ ያወረደችው ይህ ነው፤

በሽታ አልገደለው፣ አልጋ ላይ አልዋለ፤
ጠመንጃውን ይዞ፣ ከጠላት ታገለ።

ያ ሁሉ ሴት ሰማ። ካራቢኜሪ የሚባለው የጣልያን ፖሊስ ግን በራችንን አንኳኩቶ አያውቅም። ዛሬ ሦስት ሰው የሰማው ነገር ሲመሽ ኡራኤል ይደርሳል፤ ያኔ አንድ ግቢ ሙሉ ሕዝብ አንድ አፍ ነበረው።

ያን ቀን ወደ ግቢው ከመውጣቷ በፊት ወደ ጋሼ ዞር አለች። ቁጣዋ በርዶ ነበር።

«አንተ እዚሁ ቆይ። ነገ ሥራ አለህ፤ አብረኸኝ እንዳትታይ።»

ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች፣ ቀና ብላ ወጣች፤ በሩም ከኋላዋ ተዘጋ።