የጠርሙሶቹ ቦታ

አሁንም ድረስ «ኦብጀክት» የሚለውን ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላል። የምናደደው በማንም አይደለም፤ በራሴ ነው።

የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ለመመረቂያዬ የኬሚካል መመዝገቢያ ሶፍትዌር ልሠራ ተነሳሁ። መረጃ ፍለጋ ኤስቴ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ወዳስተማሩኝ ቲቸር ሄድኩ። በልጅነታቸው ቤተ ልሔም በሚባለው የዜማ ጉባኤ ቤት ድጓ የተማሩ፣ ኋላ ወደ ዘመናዊው ትምህርት የዞሩ ሰው ናቸው። በቤተ ሙከራቸው ያሉት ጠርሙሶች ጽሑፋቸው ከለቀቀ ቆይቷል። እሳቸው ግን ዞር ብለው ሳያዩ እጃቸውን ሰድደው የፈለጉትን ያነሳሉ።

«እንዴት ያውቁታል ቲቸር?» አልኳቸው።

«ድጓን የሚያህል ነገር በቃሉ የያዘ ሰው ጠርሙስ ይጠፋዋል እንዴ? ቦታው ስሙ ነው ልጄ።»

ሳቅሁ። አይ ድፍረት! የተማርኳት ነገር አናቴ ላይ ወጥታ ነበር። በኔ ንድፍ እያንዳንዱ ኬሚካል በፕሮግራም ቋንቋ «ኦብጀክት» የምንለው ራሱን የቻለ አካል ነው፤ ስሙን፣ ጠባዩንና አደጋውን ይዞ ይኖራል። አሲዶች የጋራ ጠባያቸውን ከአንድ ወላጅ ይወርሳሉ፣ ጨዎችም ከሌላ። የት እንደተቀመጠ ግን የኬሚካሉ ጠባይ አይደለም። «ገብስ ጎተራ ገባ አቁማዳ ገባ፣ ያው ገብስ ነው» አልኳቸው። «እሱስ ልክ ነህ» አሉኝ። «ቦታ» የሚለውን ክፍል ከንድፉ ሰረዝኩት።

ሦስት ቀን ሙሉ እሳቸው ስም እየነገሩኝ፣ እኔ ቁጥር እየጻፍኩ በየጠርሙሱ ላይ ወረቀት ለጠፍኩ። ሙጫ ስላለቀብኝ የስንዴ ዱቄት በውሃ አፍልቼ ነበር የለጠፍኩት። ከዚያ ምነው እጄን በቆረጠው! ለፎቶ እንዲያምር ብዬ ጠርሙሶቹን ሁሉ አውርጄ በቁመታቸው ደረደርኳቸው። ቲቸር ገብተው ቆመው አዩ።

«ቤቴን አፈረስከው እኮ» አሉኝ እየሳቁ።

«ችግር የለም ቲቸር፣ ቁጥር አላቸው።»

ሰኔ ላይ ሥራዬን አቀረብኩ። ፈታኞቹ አጨበጨቡልኝ፤ ኤ ሰጡኝ።

ክረምቱን ቤተ ሙከራው ተዘግቶ ከረመ። አይጥ ገብታ የዱቄቱን ሙጫ ከነወረቀቱ ሙልጭ አድርጋ በላችው። መስከረም ላይ ቲቸር በሩን ሲከፍቱ ቁጥርም የለ፣ ቦታም የለ። ከሶፍትዌሩ ያተምኩት የቁጥርና የስም ዝርዝር ግን ግድግዳው ላይ ተለጥፎ አምሮበታል።

ተማሪዎቹ ሙከራ እናያለን ብለው ተሰብስበዋል። ልጆቹን ባዶ መመለስ አላስችል ብሏቸው እያሸተቱ ሊለዩ ሞከሩ። ያነሱት ሽታ የሌለው፣ እንደ ውሃ የጠራ አሲድ ነበር። ውሃ መስሏቸው ትንሽ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ሲጨምሩት ፈልቶ ፊታቸው ላይ ተረጨ። ደብረ ታቦር ሆስፒታል ወሰዷቸው፤ ቀኝ ዓይናቸው ግን አልተረፈም።

የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል። እኔ ያፈሰስኩትን እሳቸው ለቀሙት።

ወሬውን ሰምቼ ቤታቸው ሄድኩ። ጠርሙሶቹን ማን አዛባቸው ተብለው ሲጠየቁ «እኔው ነኝ፣ ሳጸዳ ነው» ማለታቸውን ባለቤታቸው ነገሩኝ። ቲቸር ፊታቸው በፋሻ እንደታሰረ ነው። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ያዙኝ።

«ተው፣ ተው! ይልቅ ማርክህን ንገረኝ።»

«ኤ» አልኩ።

«እሰይ የኔ ልጅ!»

ከልባቸው ነበር ደስ ያላቸው። ቢሰድቡኝ በተሻለኝ። ሄጄ ለአለቆቻቸው እውነቱን መናገር ነበረብኝ፤ ዲግሪዬን እንዳይነጥቁኝ ፈርቼ አልተናገርኩም። ፈሪ ነበርኩ።

ዲግሪዬ መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ እናቴ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ቲቸር በዓመት በዓል ሲመጡ ሁልጊዜ ከሥሩ ይቆማሉ። አንገታቸውን ወደ ቀኝ ያዞሩና በደህናው ዓይናቸው ያነቡታል። «እኔ ያስተማርኩት ልጅ እኮ ነው» ይሏታል እናቴን። እናቴ ትመርቃቸዋለች፤ እኔ መሬት መሬት አያለሁ።