ቢ ባርኬ እና የሰባቱ ጀልባዎች ዓሣ

በሞምባሳ አሮጌው ከተማ እንግዳ የመጣበት ሰው ሁሉ «የት ወስጄ ላብላው?» ብሎ የሚጠይቀው ቢ ባርኬን ነበር። እሷም ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል፣ እንግዳው ከየት እንደመጣ፣ ጥርሱ ደህና መሆኑን፣ ሆዱን የሚያመው እንደሆነ ጠያይቃ አንድ ቤት ትጠራለች። ምክሯን ትቶ ሌላ ቤት የሄደ ሰው ኋላ ቢያማርር አትሰማውም።

ይህን ነገር ያስለመዳት አባቷ ነው። እናቷ ታናሽ ወንድሟን መሕፉዝን ወልዳ ሳትነሣ ቀረች። አባቷ በሊኮኒ መሻገሪያ ጀልባ ላይ ገመድ የሚያስር፣ ከሻይ በቀር ምንም ማፍላት የማያውቅ ሰው ነበርና ሁለቱን ልጆች ግራና ቀኝ ይዞ ከምግብ ቤት ምግብ ቤት ሲዞር አሳደጋቸው። በልተው ሲወጡ ደጃፍ ላይ ያቆማቸውና ምግቡ እንዴት እንደነበር ይጠይቃል። «ጥሩ ነው» ብሎ መመለስ ክልክል ነው። ሩዙ ነው ጥሩ? ቅመሙ ነው? ወይስ ስለራባችሁ ነው? እንዲህ ሲያፋጥጣት አድጋ፣ ባርኬ ቁመቷ ገና ከጠረጴዛ ሳያልፍ ያደረ ዘይትን ከዕለቱ ዘይት በአፍንጫዋ ትለይ ነበር።

ይህን ያህል ምላስ ያላት ሴት ደፋር ትመስላለች። ቢ ባርኬ ግን ፈሪ ነበረች፤ የወጣላት ፈሪ። ውሻ ትፈራለች፣ ባሕር ትፈራለች፣ ፖሊስ ካየች ምንም ሳታደርግ መንገድ ትቀይራለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ በሯን በሁለት መቀርቀሪያ ዘግታ ነው የምትተኛው። ስለ ምግብ ሲጠይቋት ብቻ ፍርሃቷን ትረሳዋለች።

የሰፈሩ ትንሽ ሬዲዮ ጣቢያ አዘጋጅ አትማን ይህን አይቶ ነው ከዓርብ ስግደት በኋላ ጥቂት ደቂቃ እንድትናገር የለመናት። አመጣጧ ለአንድ ቀን ነበር፤ ዓመታት ቆየች። የባጃጅ ሾፌሮች በዚያች ሰዓት ድምፁን ከፍ አድርገው መንገድ ዳር ይቆማሉ። የማማ ቻውሲኩን ማሃምሪ ብስኩት ጎህ ሲቀድ ብሉት፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ የሄደ የጫማ ሶል ነው የሚያኝከው ትላለች። አሮጌው ምሽግ ግንብ ሥር ያለው ሥጋ ጠባሽ እጁ መልካም ነው፣ ብቻ ወሬ ሲይዝ ያሳርራልና ስለ ኳስ አታንሡበት። ከፖስታ ቤት ጀርባ ቢሪያኒ፣ ያን በሥጋ የሚሠራ የቅመም ሩዝ የሚሸጠው ቤት ድንቹ ከሥጋው ይበልጣል፤ ድንቹን ብሉና ሥጋውን ለድመት ተዉት። የተነኩት ባለቤቶች ሱቋ ድረስ መጥተው ይቆጧታል፤ በሳምንቱ ደግሞ በተሸፈነ ሳህን ልከው «አሁንስ?» ይሏታል። ነገሩ እስከዚያ ድረስ ጨዋታ ነበር።

ሰባቱ ጀልባዎች የሚባለው ምግብ ቤት በባሕሩ ዳር ሲከፈት ግን ጨዋታው አበቃ። ባለቤቱ አቡድ ሻላን የጭነት መኪናዎች ያሉት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር፣ ሲያልፍ ሰው ወሬውን የሚያቋርጥለት ሰው ነው። ኻሚስ የሚባል ሥጋ ሻጭ ከሱ ጋር በተጣላ ሰሞን ሱቁ ተቃጥሎ አደረ። ማን እንዳቃጠለው ያየ የለም። ሁሉም ግን አንድ ስም በልቡ ይዞ ዝም አለ።

ቢ ባርኬ አንድ ማክሰኞ ከወንድሟ ጋር ሄዳ በኮኮናት የተሠራ ዓሣ አዘዘች። ዓሣው ቀልጦ ዳግመኛ በረዶ የገባ ነበር፤ ሥጋው በጣት ሲነኩት እንደ እርጥብ ወረቀት ይፈራርሳል። ሩዙን የነካው ዘይትም የሰነበተ ነው። በዓርቡ ማይክራፎኑ ፊት ስትቀመጥ ይህን ልትተወው አስባ ነበር። አትማን «ሰባቱ ጀልባዎችስ?» ሲላት ግን እንደ ልማዷ አመለጣት።

«ያ ዓሣ ከኔ በላይ ደክሞታል» አለች። «እዚያ ሄዳችሁ ንፋስ ተቀበሉ፣ ሻይ ጠጡ። ዓሣውን ግን እንዲያርፍ ተዉት።»

ከተማው ሳቀ። ባጃጅ ሾፌሮች «ዓሣው እንዴት ዋለ፣ ዐረፈ?» እየተባባሉ ሰነበቱ። የምግብ ቤቱ ወንበሮች ባዶ መሆን ሲጀምሩ ቢ ባርኬ የተናገረችው ነገር ገባት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አልነበራትም።

መጀመሪያ ስልክ ይደወል ጀመር። አንሥታ «ሃሎ» ስትል ማንም አይመልስም። ሰው ሲተነፍስ ይሰማታል፤ ከኋላው የድስትና የሳህን ኳኳታ አለ። የምግብ ቤት ወጥ ቤት መሆኑን ለማወቅ አልተቸገረችም። ስልኩን ትዘጋና መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ያቅታታል። ቀጥሎ አንዲት ነጭ መኪና ከሱቋ ትይዩ ቆማ መዋል አመጣች። ማንም አይወርድም፣ ማንም አይገባም። አትማንም አንድ ቀን መጥቶ የጣቢያውን ዘበኛ የቢ ባርኬን ቤት የጠየቁ ሰዎች እንዳሉ ነገራት። አነጋገሩ ቀልድ ለማስመሰል ነበር፤ ፊቱ ግን አልቀለደም።

የሚሰፉትን የተማሪ ልብሶች ከመስኮቱ አጠገብ አንሥታ ወደ ጓዳ አዛወረች። እሳት ቢነሣ ምን ቀድማ እንደምታወጣ ታሰላስላለች። ባልዲ ውሃ በር ሥር አስቀመጠች። ከሁሉ የባሰባት ግን ምግብ እምቢ ማለቱ ነው፤ የጎረሰችው እንደ ጨርቅ አፏ ውስጥ ይዞራል።

መሕፉዝ ማሊንዲ ያሉ ዘመዶቻቸው ዘንድ እንድትሰነብት ለመናት፤ እሷም ተስማምታ ሻንጣዋን ሸክፋ አውቶቡስ ላይ ወጣች። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል አንዲት የማታውቃት ሴት ከኋላ ወንበር ሆና «እንዴ፣ የሬዲዮዋ ቢ ባርኬ፤ ማሊንዲ የት ነው ጥሩ የሚበላው?» አለቻት። ቢ ባርኬ ልትመልስ አፏን ከፈተችና ምንም አልወጣ አላት። ፍርሃቷ እዚያ ድረስ ተከትሏት እንደሚሄድ ገባት። ሻንጣዋን ይዛ ወረደች።

በማግስቱ አቡድ ሻላን ራሱ ሱቋ ደጃፍ ላይ ቆመ። አልገባም። ጥላው ወለሉ ላይ ሲያርፍ ነው ቀና ያለችው።

«ቢ ባርኬ፣ ሐሙስ ቀን ምሳ እኔ ጋ ይበላሉ» አላት በዚያ ዝግ ባለ ድምፁ። «መኪና እልክልዎታለሁ።»

«ራሴ እመጣለሁ» አለች። ለምን እንደዚያ እንዳለች አታውቅም፤ ምናልባት መኪናው ውስጥ መግባትን ከሁሉ በላይ ፈርታ ይሆናል።

ሐሙስ ቀን ፀሐይ ቀጥ ብላ ሳለ ሄደች። መሕፉዝ አብሯት መጥቶ መንገድ ማዶ ቀረ፤ እንዳይገባ ያዘዘችው እሷ ናት። አዳራሹ ውስጥ አንድም ተመጋቢ አልነበረም። አቡድ በሩን ከኋላዋ ዘጋው፤ ቁልፉ ሲዞር ሰማችው። ያገኘችው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ምግብ አብሳዩ ሽማግሌው ምዜ ንጎሎ ዓሣና ሩዝ ይዞ መጥቶ አስቀመጠና ከግድግዳው ተለጥፎ ቆመ። አቡድ ከፊቷ ተቀመጠ።

«ይብሉ» አላት።

ጎረሰች። አፏ ደርቆ ምራቅ የሚባል የለም። ዓሣው ይሁን ሩዙ፣ ጨው ይኑረው አይኑረው፣ ምኑም አይታወቃት። ምላሷ የሌላ ሰው ሆኖባታል። ደግማ ጎረሰች። ዕድሜዋን ሙሉ ምግብ አፏ ገብቶ ምንም ሳይነግራት ሲወርድ ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ ከአቡድም በላይ ይኸው አስደነገጣት።

«ይናገሩ እንጂ።»

ጥሩ ነው ብላ መውጣት ትችል ነበር። እንዲህ ለማለት ቤቷ ተለማምዳ ነው የመጣችው። አፏ ውስጥ ያለው ግን ያ አልነበረም።

«ብዋና አቡድ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። «ምላሴ ምንም እያለኝ አይደለም። ፈርቼዎታለሁ። ጥሩ ይሁን መጥፎ አላውቅም፤ ጥሩ ነው ብል ውሸት ነው።»

«ምን አድርጌዎት ነው የፈሩኝ?»

«የኻሚስን ሱቅ ያቃጠሉት እርስዎ ነዎት ይባላል።»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷ ሰማችው። ምዜ ንጎሎ ዓይኑን ጨፈነ። አቡድ አልተቆጣም፣ አላስተባበለምም። የውሃ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ያዞር ጀመር። በመጨረሻ ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«አንተ ንጎሎ፣ ያን ዕለት ያበላሃት ዓሣ የቆየ መሆኑን ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር ጌታዬ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

ምዜ ንጎሎ ከግድግዳው ሳይላቀቅ «ለእርስዎ?» አለ።

አቡድ ሽማግሌውን አየው፤ ቀጥሎ እሷን አያት። ተነሥቶ በሩን ከፈተና ወጣ። የመኪናው ድምፅ እስኪርቅ ሁለቱም ከነበሩበት አልተነቃነቁም። ሊመለስ ይሁን ሰው ሊልክ የሚያውቁት ነገር አልነበረም።

ምዜ ንጎሎ ቀስ ብሎ የአቡድን ወንበር ትቶ ጎን ተቀመጠና እጁን ጭኖቹ መሃል አስገባ። እንደሱ የሚንቀጠቀጥ እጅ ቢ ባርኬ አይታ አታውቅም። መብራት በጠፋ ቁጥር ዓሣው እንደሚቀልጥ፣ ይጣል ብሎ ለመናገር ግን ከአስተናጋጅ እስከ ዕቃ አጣቢ ወኔ ያለው ሰው እንዳልነበረ ነገራት። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ አንድ ነገር ጨመረ።

«የሚደውልልሽ እኔ ነበርኩ፣ ልጄ። ለሱ የማልነግረውን ለአንቺ ነግሬ፣ በአንቺ በኩል እንዲሰማ ፈልጌ ነበር። ድምፅሽን ስሰማ ግን ቃል ያጥረኛል።»

ቢ ባርኬ ልትስቅ ነበር፤ የመጣላት ግን እንባ ነው። ያን ሁሉ ቀን ያስፈራት ትንፋሽ የፈራ ሰው ትንፋሽ ኖሯል። ነጯ መኪና ግን የአቡድ ነበረች። ይህንም ነገራት።

እንባዋን ስትጠርግ አፏ ረጠበ። ሳታስበው ከሳህኑ ጎረሰች፤ አሁን ምላሷ ተመለሰ። ሩዙ ፍሬ ፍሬ ብሎ የበሰለ ነው፣ ዘይቱ የዕለት ነው፣ ዓሣው ጠዋት ከባሕር የወጣ ነው።

«ጨው በዝቶበታል» አለችው።

«እጄ ስለተንቀጠቀጠ ነው» አለ ምዜ ንጎሎ።

በማግስቱ ዓርብ ነበር። መሕፉዝ ጣቢያው በር ላይ ቆሞ ሌላ ምግብ ቤት እንድታነሣ ተማጠናት። እሷ ግን ማይክራፎኑ ፊት ተቀምጣ ሰባቱ ጀልባዎች ተጠርታ መሄዷን፣ ዓሣው የዕለት መሆኑን፣ ሩዙ ማለፊያ መሆኑን፣ ጨው መብዛቱን ተናገረች። ስትበላ ፈርታ እንደነበርም አልደበቀችም፤ ሰሚው ቃሏን ከዚያ ጋር አገናዝቦ ይመዝነው አለች። ስለ ኻሚስ ሱቅ ምንም አላነሣችም። ድምፅዋ መሃል ላይ ተሰብሮ አትማን ውሃ አቀበላት።

ሰው እንደየአመሉ ተቀበላት። አንዱ ደውሎ ስንት ሰጡሽ አላት። አንዷ፣ ከድሮም እንደምትሸጥ አውቅ ነበር ብላ ስልኩን ዘጋችባት። የግንቡ ሥር ሥጋ ጠባሽ ብቻ ሱቋ ድረስ መጥቶ፣ የሠራሽውን ሰምቻለሁ፣ ደግ አድርገሻል ብሎ ሳይቀመጥ ተመለሰ። ከሁሉ ያቆሰላት የማያውቋት ሰዎች ስድብ አልነበረም፤ እንግዳ የመጣበት ጎረቤቷ ሌላ ሰው ጠይቆ በደጃፏ ማለፉ ነበር። ብዙ ወራት እንዲህ ሆነ። ኋላ፣ ሌሎች በላኳቸው ቤቶች በልተው ሆዳቸውን ሲያማቸው፣ አንድ በአንድ ተመለሱ።

ምዜ ንጎሎ ከሥራው አልተባረረም። በሰባቱ ጀልባዎች ጓሮ ጄኔሬተር መተከሉ ተሰማ። አቡድ ሻላን ግን ዳግመኛ አላናገራትም። በአንድ ሠርግ ላይ ፊት ለፊት ተገናኝተው፣ እሱ ጎንበስ ብሎ አለፈ፤ ሰላምታ ይሁን ጫማውን ማየቱ ለይታ ማወቅ አልቻለችም። ያን ቀን የቀረበላትን ቢሪያኒ አልነካችውም። የኻሚስን ሱቅ ያቃጠለ ሰው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ኻሚስም ከተማውን ለቅቆ ሄዷል።

ቢ ባርኬ አሁንም ዓርብ ዓርብ ትናገራለች። ልትናገር ስትቀመጥ የጠረጴዛውን ጠርዝ በግራ እጇ አጥብቃ ትይዛለች፤ አትማን ይህን ያያል፣ አያነሣባትም። መሕፉዝ አንድ ጊዜ፣ «እታለም፣ ይህን ያህል ከፈራሽ ለምን አትተዪውም?» ብሎ ጠይቋት ነበር።

«ብተወው ፍርሃቱ የሚለቀኝ መስሎሃል?» አለችውና የጀመረችውን የተማሪ ቀሚስ መስፋቷን ቀጠለች።