ግማሽ ዙር የዞረው ኖዝል፦ ከምናለሽ ተራ እስከ ጣና ዳር

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት

ባሕር ዳር የሄድኩት ሐይቅ ለማየት አልነበረም። ከዚያ የተመታ ቴሌግራም ጠርቶኝ ነው። «የሸጡልን ዕቃ ጠማማ ይቆርጣል። እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት ቀርበው ያስረዱ» ይላል። በደርግ ጊዜ «ያስረዱ» ተብሎ የተጠራ ሰው ስንቁን በሁለት ቋጠሮ ይቋጥር ነበር፤ አንዱን ለመንገድ፣ ሌላውን ላልታወቀው።

ሥራዬ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ፣ አሮጌ የማሽን ዕቃ መሸጥ ነው። ኩሽኔታ በፍሬ፣ ብሎን በኪሎ እሸጣለሁ። አንድ ጊዜ ከጉምሩክ ሐራጅ የገዛሁት ሣጥን ሥር በሰም ወረቀት የተጠቀለለች የጣት ርዝመት ያላት ብረት አገኘሁ። ጫፏ ላይ ከምስር የምታንስ ድንጋይ አለች፤ ድንጋይዋም ፀጉር የማያስገባ ቀዳዳ አላት። ምን እንደሆነች ሳላውቅ ሁለት ዓመት አስቀመጥኳት። በመጨረሻ ይባቤ የሚባል ቀጭን ቴክኒሻን ከባሕር ዳር መጣ። ዕቃዋን ሲያይ እጁ ተንቀጠቀጠ። የገዢ እጅ ሲንቀጠቀጥ ዋጋ እንደሚጨመር ከልጅነቴ አውቃለሁና ጨመርኩ።

ያኔ ይባቤ እንዳስረዳኝ፣ ሐይቁ ዳር ባለ የመንግሥት ወርክሾፕ ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር በስጦታ የመጣ ማሽን አለ። ማሽኑ ቢላ የለውም፤ የሚቆርጠው በውሃ ነው። ውሃው በከባድ ግፊት በዚያች ቀዳዳ፣ እነሱ ኖዝል በሚሏት፣ እንደ ክር ቀጥኖ ይወጣል። ቁም ሣጥን የሚያህል ኮምፒዩተር ደግሞ የተበሳ የወረቀት ጥቅል እያነበበ ኖዝሉን ወዲያ ወዲህ ይነዳዋል። የሚቆርጠውም የጣና ጀልባዎች መንገደኞች የሚለብሱት የነፍስ አድን ጃኬት ውስጥ የሚገባ ወፍራም ስፖንጅ ነው። ለአብዮት በዓል ከአዲስ አበባ የሚመጡ እንግዶች በጀልባ ሰልፍ ይወጣሉ ተብሎ ሁለት መቶ ጃኬት ታዝዟል። ስፖንጁ ጠማማ ከተቆረጠ ጃኬት የለም፤ ጃኬት ከሌለ ሰልፍ የለም። ሰልፍ ከሌለ ነገሩ የኢኮኖሚ አሻጥር ይባላል። የአሻጥር ቅጣቱ ምን እንደሆነ ለዚያን ጊዜ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አጽፌ፣ ስኳድራና አንድ ጠመኔ በኪሴ ይዤ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ጎሐ ጽዮንን አልፈን ወደ ዓባይ በረሃ ስንወርድ ጉም መንገዱን ዋጠው። ድልድዩ ጋ ወርደን ተፈተሽን።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ ወታደሩ ስኳድራዬን አንሥቶ።

«ስኳድራ ነው። ቀጥታውን ከጠማማው ይለያል።»

«ለሰውም ይሠራል?»

የሚያምር መልስ ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ነበር፤ መልሼ ዋጥኩት። «ለብረት ብቻ ነው፣ ጌታዬ» አልኩ። ያን ቀን ደብረ ማርቆስ አደርን። አልጋው ሦስት ብር፣ ቁንጫው ነፃ።

ረቡዕ፣ ወደ ማታ

ከቡሬ እስከ ዳንግላ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ሁለት ጊዜ ወርደን ገፋን። መራዊን ስናልፍ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኖ ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ባሕር ዳር ስንገባ ፀሐይ ሐይቁ ላይ ልትጠልቅ ነው። ድልድዩን ተሻግሬ ዓባይ ማዶ ክፍል ያዝኩ። የተጠበሰ ቆረሶ ዓሣ ከነራሱ ቀረበልኝ፤ አንድ ብር ከስሙኒ። ግማሹን ተውኩት። ዓሣ የማልጨርስ ሰው አይደለሁም።

ሐሙስ

ወርክሾፑ በር ላይ ይባቤ ጠበቀኝ። ዓይኔን አላየም። አባቱ ደቅ ደሴት ላይ መሪጌታ ናቸው፤ እሱም ዳዊት እየደገመ ያደገ ልጅ ነው። ሰላምታው ረጅም ነው፤ የዚያን ቀን ግን አጠረ።

ውስጡ ቀይ ነው። በሩ ቀይ፣ ወንበሩ ቀይ፣ ማሽኑ ከእግሩ እስከ አናቱ ቀይ። ኮምፒዩተሩ ብቻ ሽሮ መልክ እንደሆነ ቀርቷል፤ ቀለም ቢነካው ይሞታል ብለው አስፈራርተው እንዳስተረፉት ኋላ ሰማሁ። የወርክሾፑ ካድሬ ጓድ ታደለ ይባላል። ሽጉጡን ከሆዱ ሥር ታጥቋል።

«ነጋዴው አንተ ነህ?»

«ነኝ ጓድ።»

«እንግዲህ አጭር ነው። ማሽኑ አሮጌው ኖዝል እስኪያልቅ ቀጥ አድርጎ ይቆርጥ ነበር። ያንተ ገባ፣ ጠመመ። ወይ ዕቃው ነው፣ ወይ የገጠመው ሰውዬ ነው። ሦስተኛ የለም። ነገ ስድስት ሰዓት ላይ አንዱን ስም ለደኅንነት አሳልፋለሁ።»

የጃኬት ሰፊዎቹ አለቃ እትዬ አትጠገብ አንድ ስፖንጅ አምጥተው ፊቴ አስቀመጡ። ስድስት ጣት ውፍረት አለው፤ ጎኑ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ከሸራ የተሰፋው ኪስ ውስጥ ሊከቱት ሞከሩ። በአንድ በኩል ተወጥሮ በሌላው በኩል ክፍተት ተወ።

«እስቲ እይልኝ» አሉ። «ይኸን ከመክተት እኔው ብገባበት ይቀለኛል። በዓሉ ደረሰ፣ እናንተ ትከራከራላችሁ።»

ስኳድራዬን አስጠጋሁ። ከሥር በኩል ሁለት ሚሊ ያህል ብርሃን ገባ። ይባቤ ጠረጴዛውን በውሃ ልክ አሳየኝ፤ አረፋዋ መሐል ቆማለች። ጠረጴዛው ንጹሕ ነው። እንግዲህ የጠመመው ውሃው ነው። ውሃውን ማን እንዳጠመመው ነው ጥያቄው።

ማሽን አልተማርኩም፤ ሚዛን ግን አውቃለሁ። የሰው ሚዛን ሲያጠራጥረኝ አልጣላም። ዕቃውንና የሚዛኑን ብረት ቦታ አለዋውጣለሁ። ጥፋቱ ከዕቃው ጋር ከሄደ ዕቃው ነው፤ እዚያው ከቀረ ሚዛኑ ነው። ኖዝልም ክብ ብረት ነው፤ ይዞራል።

«ጓድ» አልኩ፣ «ነገ ጠዋት በፊትዎ እንፈትነው። ኖዝሉ ላይ በጠመኔ ምልክት አደርግና አንድ ስፖንጅ እንቆርጣለን። ቀጥሎ ኖዝሉን ግማሽ ዙር እናዞርና ሌላ እንቆርጣለን። ማዘንበሉ አብሮ ዞሮ ወደ ግራ ከሄደ ዕቃዬ ጠማማ ነው፤ ስሜን ይጻፉ። ወደ ቀኝ እንደሆነ ከቀረ ዕቃዬ የለበትም።»

ጓድ ታደለ ፈገግ አለ። ሰው የገዛ ስሙን በራሱ አፍ ሲያስጽፍ የሚወድ ይመስላል። «ይሁን» አለ።

ኖዝሉን የገጠመው ይባቤ ግን አመድ መሰለ።

ወደ ምሽት ሐይቁ ዳር ስቀመጥ መጣ። ቀዛፊዎች የደንገል ታንኳቸውን ሊያደርቁ ወደ ላይ ይስባሉ። አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ።

«ምን አድርገህ?»

«ዐውቄ ነው ዝም ያልሁ። አሮጌው ኖዝል ሲያልቅ የታሰረበትን መያዣ ፈታሁና ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥሁ። እርስዎ ዘንድ አዲስ አበባ ስመላለስ ለበዓሉ ቀለም ይቀባ ተባለ። ‘ቀይ ያልነካው ብረት እንዳላይ’ ብለው ነበር ጓድ ታደለ። ቀቢው መያዣውን በውጭም በውስጥም ቀባው። ከማሽኑ ጋር የሚገጥመው ፊቱ ላይ ቀለሙ በአንድ ወገን ተጠራቅሞ ደረቀ። እኔም መጣሁ፣ እንዳለ አሰርሁት።»

«ለምን አልፋቅኸውም?»

ሳቀ፤ ሳቁ ግን ሳቅ አልነበረም። «የአብዮቱን ቀለም በምላጭ ሲፍቅ ተያዘ ልባል? ወይስ ‘ማሽኑን ያጠመመው የእርስዎ ትእዛዝ ነው’ ልበላቸው? ዕቃው ነው ቢባል... እርስዎ ሩቅ ነዎት፣ አያገኙዎትም ብየ አሰብሁ።»

«አገኙኝ።»

«አገኙዎት» አለና ራሱን በእጆቹ ያዘ።

ተናደድኩ። አልደብቅም፤ ሐይቁ ውስጥ ልወረውረው ፈልጌ ነበር። ከዚያ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። እኔም ከአዲስ አበባ የተነሣሁት «የገጠመው ሰውዬ ነው» ልል ተዘጋጅቼ ነበር። አንድ ዓይነት ዕቃ ይዘን ነው የተገናኘነው።

«ቀለሙ ብቻ ለመሆኑ እርግጠኛ ነህ? ኖዝሌስ ጠማማ ቢሆን?»

«እርግጠኛ አይደለሁም። እርስዎ ዕቃዎን ያውቁታል?»

«አላውቀውም» አልኩ። ያን ሌሊት ሁለታችንም እንዳልተኛን መሐላ አያስፈልገውም።

ዓርብ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት

ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። ይባቤ የወረቀቱን ጥቅል አስገባ። ኮምፒዩተሩ ማንጎራጎር ጀመረ፣ ፓምፑ አጓራ። ከኖዝሉ ነጭ ክር የመሰለ ውሃ ወርዶ ስፖንጁን ያለ ድምፅ ሰነጠቀው። የመጀመሪያውን አነሣሁ። ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ እንደ ድሮው።

ኖዝሉን በራሴ እጅ ግማሽ ዙር አዞርኩ። የጠመኔው ምልክት ከፊት ወደ ኋላ ሄደ። ጣቴ መያዣው ጠርዝ ላይ ሲያርፍ ወፍራሙ ቀለም ከጥፍሬ ሥር ተላጠ። ሁለተኛው ስፖንጅ እስኪቆረጥ ድረስ ያን ሁሉ ዓመት ሐራጅ ውስጥ ዐይኔን ጨፍኜ የገዛሁትን ዕቃ ሁሉ ቆጠርኩ።

እትዬ አትጠገብ ስፖንጁን ቀድመውኝ አነሡ። «ወደ ቀኝ!» አሉ። «እንደዚያኛው ነው!»

ተነፈስኩ።

ጓድ ታደለም ተነፈሰ፤ ፊቱን ወደ ይባቤ አዞረ። «እንግዲያው ሰውዬው ነው።»

ይባቤ እጆቹን ጎኑ ላይ ለጥፎ ቆመ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ዳዊት እየደገመ እንደሆነ ገመትኩ። እኔ ደግሞ ነፃ ሰው ነኝ። ካድሬው የመሸኛ ወረቀቴን አውጥቶ እስክሪብቶ ይዟል፤ የሰባት ሰዓቱ አውቶቡስ ይደርስልኛል። አፌን ብዘጋ ሁሉም ነገር አለቀ። አፌን ከፍቼ እውነቱን እንዳለ ብናገር ደግሞ ሁለታችንም አለቅን፤ ካድሬ በሰው ፊት አጥፍተሃል ሲባል ምን እንደሚያደርግ ይታወቃል።

ነጩ ስፖንጅ ላይ ከጥፍሬ የወደቀች ቀይ ቅራፊ አየሁ።

«ጓድ» አልኩ፣ «አንድ ነገር ላሳስብዎ? ይህን ይመልከቱ። ቀዩ ቀለም እየተላጠ ስፖንጁ ላይ ይወድቃል። በበዓሉ ቀን እንግዶቹ ጃኬት ሲለብሱ የአብዮቱ ቀለም ተፈርፍሮ ልብሳቸው ላይ ቢገኝ ምን ይባላል?»

ጓድ ታደለ ቅራፊዋን በጣቱ አነሣ፣ ወደ ብርሃን ያዛት።

«የት ነው የሚላጠው?»

«ብረትና ብረት የሚገጥሙበት ብቻ ነው። ውሃው ሲያንቀጠቅጠው ይፈረፈራል። ከዚያ ላይ ተነሥቶ ውጪው እንደገና ቢደምቅ ቀለሙ ይከበራል።»

ምን እንዳልኩት የገባው በዚያች ሰዓት ነው ብዬ አምናለሁ። ዐይኑ ከኔ ወደ ማሽኑ፣ ከማሽኑ ወደ ቀዩ ወንበር ሄዶ ተመለሰ።

«ይፋቅ!» አለ በመጨረሻ። «ብረትና ብረት የሚገጥምበት ሁሉ አሁኑኑ ይፋቅ! ቀለሙ ሲበላሽ እያያችሁ ዝም ትላላችሁ?»

ይባቤ መያዣውን ፈታ። በምላጭና በቤንዚን ፋቅነው። በአንዱ ወገን ቀለሙ እንደ ሳንቲም ወፍሮ ነበር። ብረቱ እስኪያበራ ወልውለን መልሰን አሰርነው። ኖዝሉን ስገጥም የይባቤ እጅ ከእጄ በላይ ጸንቶ ነበር።

ሦስተኛው ስፖንጅ ተቆረጠ። ስኳድራዬን አስጠጋሁ። በየትኛውም ወገን ብርሃን አላለፈም። እትዬ አትጠገብ ነጥቀውኝ ሸራው ኪስ ውስጥ ከተቱት። ሹልክ ብሎ ገባ።

«ገባ! እሰይ! አሁን ውጡልኝና ልሥራበት» አሉ።

ቃለ ጉባኤው ላይ «በቀለም አያያዝ ረገድ የታየው ጉድለት በጋራ ጥረት ታርሟል» ተብሎ ተጻፈ። የኔም የይባቤም ስም የለም። ጓድ ታደለ ወረቀቴን ፈርሞ ሲሰጠኝ አልለቀቀውም፤ እሱም እኔም ጫፍና ጫፉን እንደያዝን ጠጋ አለኝ።

«ቀለም ይቀባ ያለው ማን እንደሆነ ጠይቀሃል?»

«አልጠየቅኩም ጓድ።»

«ጥሩ ነጋዴ ነህ» አለና ለቀቀው።

ይባቤ አንድ ዘንቢል የዘይቱን ፍሬ አሸክሞኝ እስከ አውቶቡሱ ሸኘኝ። «ጋሼ፣ እኔ እንዲያ አድርጌዎ፣ እርስዎ ለምን እንዲህ አደረጉ?»

«ደንበኛዬ ነህ» አልኩት። «እስር ቤት ያለ ሰው መለዋወጫ አይገዛም።»

ጉንጬን ስሞኝ ሄደ። አላመነኝም። እኔም ሙሉ በሙሉ አላመንኩም።

ቅዳሜ፣ ቤት

ስመለስ ዓባይ ድልድይ ላይ ያው ወታደር ነበር። ስኳድራዬን ሲያይ «ሠራልህ?» አለኝ። «ሠራ» አልኩ፤ ከዘይቱኑ ፍሬም አካፈልኩት።

መርካቶ የደረስኩት ሊመሽ ሲቃረብ ነው። ሱቄን ከፍቼ ቦርሳዬን ሳላወርድ የብሎኑን ሚዛን አየሁት። አሥር ዓመት የሰው ሚዛን እየገለበጥኩ ስፈትን የራሴን አንድ ቀን ገልብጬ አላውቅም። አንድ ኪሎ ብሎን በግራ፣ ብረቱን በቀኝ አድርጌ መዘንኩ፤ ልክ ነው። አለዋወጥኳቸው። የግራው ሳህን ቀስ ብሎ ወረደና ቆመ።

በሁለት ብሎን ለኔ ያደላል።

ብሎን የምመዝንበትን የግራውን ሳህን ገለበጥኩ፤ ሥሩ ላይ የዘመናት ቅባትና አቧራ እንደ ቀለም ረግቶበታል። ምላጭ ፈለግኩ።