አባባ የእንግሊዝኛ ፈሊጥ ሲያስረዱ

አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንግሊዝኛ አስተምረው ጡረታ ወጡ። ትምህርት ቤቱ ለቀቃቸው እንጂ እሳቸው ማስተማሩን አልለቀቁም። ታቦር ሰፈር ባለው ቤታችን ጠያቂ ከተገኘ ምሳ ይቀዘቅዛል።

አንድ ቅዳሜ ታናሽ እህቴ፣ «አባባ፣ ‹ፑል ዘ ፕለግ› ማለት ምንድን ነው?» አለቻቸው።

ደስ አላቸው። ተነሥተው የቴሌቪዥኑን ሶኬት ነቀሉት። እማዬ ድራማ እያየች ነበር።

«ኧረ በጌታ! ገዳዩ ሊታወቅ ሲል!»

«ይኸው ነው» አሉ አባባ፣ ሶኬቱን እንደያዙ። «የተጀመረ ነገር እየሄደ ሳለ፣ አያዛልቅም ብሎ ማስቆም። ቀስ በቀስ ሳይሆን ባንድ ጊዜ። የሚያስቆመውም ሥልጣኑ ያለው ሰው ነው። ለምሳሌ አንድ ኃላፊ ፕሮጀክቱን…»

«ለሠርግስ ይሆናል?» አለች እህቴ።

አባባ አሰቡ። «ያስኬዳል። ለሠርግ ግን ‹ኮል ኦፍ›፣ መሰረዝ፣ ቢባል ይሻላል» ብለው ሶኬቱን መልሰው ሰኩት። ድራማው አልቆ ማስታወቂያ ገብቷል። ከዚያ ዞር አሉ። «የማን ሠርግ?»

በቤታችን የታሰበው ሠርግ አንድ ብቻ ነው፤ የእህቴ። ከወር በፊት ቱላ ካለው ከወንዱ ቤት የተላኩ ሽማግሌዎች መጥተው፣ «መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም» ብለው ቆመው ልጅ ጠይቀውናል። ወጉ «ልጅቷን ልጠይቅና ቀጠሮ ልስጣችሁ» ማለት ነበር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ግን የቤተ ክርስቲያናችን መሪ ናቸው። አባባ እሳቸውን አቁሞ ቀጠሮ መስጠት ነውር መስሏቸው እዚያው እሺ አሉ። እህቴና እኔ ጓዳ ብርጭቆ እያጠብን ነበር። እልልታውን ከዚያው ሰማነው።

«ሽማግሌ ገብቶ፣ ቃል ተሰጥቶ?» አለች እማዬ። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ! በየት በኩል ነው የሚመለሰው?»

አባባ ወደ እህቴ ዞሩ። እኔ ፈራሁላት፤ የአባባን እሺታ በቤታችን ሽሮ የሚያውቅ የለም።

«እንደማትፈልጊው ያወቅሽው መቼ ነው?» አሏት።

«ያን ዕለትም አውቅ ነበር። ቢጠይቁኝ እነግርዎት ነበር።»

አባባ ወንበር ስበው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ። ስንት ክፍል ሙሉ ተማሪ ሲጠይቁ የኖሩት ሰውዬ ጉሮሯቸውን ሁለቴ ጠረጉ።

«እሺ፣ አሁን ልጠይቅሽ። ታገቢዋለሽ?»

«አላገባውም።»

ተነሥተው ኮታቸውን ለበሱ። እማዬ ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቀች።

«ቱላ።»

«ሽማግሌ ሳትይዝ? ብቻህን?»

«እሺ ያልኩትም ብቻዬን ነው» አሉና ወጡ።