ጉማሬዋ እንዳትሰማን

በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር ስኖር ከአንድ ነጋዴ ቤተሰብ ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራይቼ ነበር። የተወለድሁት ዳንግላ ነው፤ ሥራ ያገኘሁት ግን እዚህ፣ የመንገድ ንድፍ በሚሠራበት አንድ መሥሪያ ቤት ነው። የግቢው ባለቤት መካ ደርሰው ከተመለሱ ብዙ ዘመን ስለሆናቸው ሰፈሩ ስማቸውን ትቶ ሐጂ ብቻ ይላቸዋል። በወጣትነታቸው በጀልባ እስከ ጎርጎራ እየተሻገሩ ጨውና ቡና ይነግዱ ነበር። እኔ በደረስሁበት ጊዜ ንግዱን ለልጆቻቸው ትተዋል፤ መንገዳቸው ከቤት እስከ መስጊድ፣ ከመስጊድ እስከ ቤት ነበር። ባለቤታቸውን እማማ እላቸው ነበር።

እማማ ወደ ገበያ በላኩኝ ቁጥር “የቁራ መልእክተኛ” ይሉኛል። አልተሳሳቱም። ከግቢያችን ወደ ገበያው የሚያደርስ ቀጥ ያለ ጎዳና እያለ እኔ የምሄደው በባሕሩ ዳር ዞሬ ነው። እንጨት የጫነች ታንኳ ከሩቅ ካየሁ ዳር እስክትደርስ እቆማለሁ። እነዚያ ከመንቆራቸው ሥር ከረጢት የተንጠለጠለባቸው ትልልቅ ነጫጭ ወፎች ተሰልፈው ዓሣ ሲያሳድዱ ካገኘሁማ የተላክሁበትንም እረሳለሁ። ከዚያ ሌላው ድክመቴ ወሬ ነው። ከቀበሌው ግድግዳ ላይ ጋዜጣ ተለጥፎ ካየሁ እስከ ታች ሳላነብ አላልፍም፤ ስኳር የተጠቀለለበትን ቁራጭ እንኳ ገልብጬ አይቼ ነው የምጥለው። እማማ በርበሬ ጠብቀው፣ ጠብቀው፣ በመጨረሻው ከጎረቤት ይበደራሉ።

ሐጂ ግን ወሬ አይወዱም ነበር። በዚያን ዘመን ሬዲዮ ሲከፈት የሚሰማው ወይ የጦር ግንባር ነው፣ ወይ የስብሰባ ጥሪ ነው፤ ልጁ የዘመተበት ሰው ደግሞ ዜና በመጣ ቁጥር ፊቱ ይለወጣል። ሐጂ ሰዓታቸውን አስተካክለው ወዲያው ያጠፉታል። የሞስኮ ኦሎምፒክ የመጣ ሐምሌ ነው ነገሩ የተለወጠው። የረመዳን ጾም ነበር። የእኛ አገር ሯጭ በአሥር ሺህ ሜትር አሸነፈ ተብሎ ሲነገር ሐጂ ሬዲዮውን ሊያጠፉ የዘረጉትን እጅ መልሰው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

“ሌላ ሩጫ ይቀረዋል?” አሉኝ።

“አምስት ሺህ ይቀረዋል፣ ሐጂ።”

“እንግዲያው እንጠብቃለን” አሉ።

የአምስት ሺው ወሬ በሚጠበቅበት ቀን ዋዜማ ከጣራው ያፈሰሰ ዝናብ ሬዲዮው ላይ ሲንጠባጠብ አደረ። ጠዋት ሲከፈት የሚያሰማው የሚጠበስ ሥጋ ድምፅ ብቻ ሆነ። መስጊድ በር ላይ አንዱ “ሁለተኛውንም አሸነፈ” አለ፤ ሌላው “ያ የፊተኛው ወሬ ነው” አለው። ሐጂ በጆሯቸው ካልሰሙ የማያምኑ ሰው ናቸው። ቅዳሜ ስለነበር በግማሽ ቀን ከሥራ ስመለስ በር ላይ ሬዲዮውን ታቅፈው አገኘኋቸው።

“ልጄ፣ ይህን ገበያው አጠገብ ላለው ሠሪ አድርስልኝ። የቀኑ ዜና ሳያልፈን ያይልን።”

“አሁኑኑ፣ ሐጂ።”

እማማ ከጓዳ ሆነው፣ “በቀጥታው መንገድ ብትሄድ ምን አለበት?” አሉ።

እውነቱን ለመናገር በቀጥታው ልሄድ ነበር ያሰብሁት። ከመታጠፊያው ስደርስ ግን ዝናቡ አባርቶ፣ የእርጥብ ደንገል ሽታ ከባሕሩ በኩል መጣ። ክረምቱ ውሃውን ሞልቶት ከሣሩ ድረስ ወጥቷል። ብዙም አያዘገየኝም አልሁና ወረድሁ።

ጥቂት እንደሄድሁ አንድ ታንኳ ቀዛፊ ከትልቁ ሾላ ሥር፣ ከጉብታው ላይ ሆኖ በእጁ ቁም አለኝ። ታንኳውን ለማድረቅ ዛፉ ላይ አስደግፏታል። አጠገቡ ከፋብሪካ ፈረቃዋን ጨርሳ ወደ ቤቷ የምትመለስ አንዲት ሴት ቆማለች። ወደሚያዩት ዞር ስል ከመንገዱ በታች፣ ከሣሩ ላይ ጉማሬ አየሁ። ሰማዩ ስለጨለመ ሳይመሽ ለግጦሽ ወጥታ ነው። ከሆዷ ሥር ጠይም ድንጋይ የመሰለ ነገር ነበር፤ ሲንቀሳቀስ ጊዜ ልጇ መሆኑን ተረዳሁ።

“አራስ ናት” አለኝ ቀዛፊው በሹክሹክታ። “ከእሷና ከውሃው መካከል ሰው ከገባ አትምርም። እዚህ ጉብታው ላይ ሁን፤ ድምፅም አታሰማ።”

ወደ ኋላ መመለስ ይቻል ነበር። ማናችንም አልተመለስንም። ትንሹ የእናቱን ጉንጭ በአፍንጫው እየገፋ ይጫወታል፤ እሷ ሣሩን እየነጨች አንዳንዴ በጭንቅላቷ ትመልሰዋለች። ሴትየዋ ከነጠላዋ ጫፍ ቆሎ ፈትታ አቋደሰችን። ከደሴ መጥታ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የምትሠራ ነች።

“ያቀፍኸው ምንድን ነው?” አለችኝ።

“የታመመ ሬዲዮ ነው። ወደ ሠሪ እየወሰድሁት ነው።”

“ዛሬ የሩጫው ወሬ የሚነገርበት ቀን አይደለም እንዴ? እኛ ዘንድ እኮ ሌሊቱን ሙሉ ሲከራከሩ ነው ያደሩት።”

ቀዛፊው ስለ ሩጫው አልሰማም ነበር። የእኛ ሰው ሞስኮ ሄዶ ከዓለም ሯጮች ጋር እንደሚሮጥ ነገርሁት። አዳመጠኝና፣ “እስቲ ክፈተው” አለ።

ስከፍተው ያው የጠዋቱ መንጣጣት ነው። የጉማሬዋ ጆሮ ዞር ሲል ፈጥኜ ቀነስሁት። ቀዛፊው ሬዲዮውን ከእጄ ወስዶ ከሾላው ቅርንጫፍ መንታ ላይ አስቀመጠው፤ አንቴናውን መዘዘና ወደ ውሃው አዞረው። ውስጡ በመንገድ ላይ ደርቆ ይሁን ወይ ቦታው ተስማምቶት፣ የዜና አንባቢው ድምፅ ከአጠገባችን እንደተቀመጠ ሰው ጥርት ብሎ መጣ። ሦስታችንም ጆሯችንን ወደ ቅርንጫፉ አስጠጋን።

መጀመሪያ ስለ አንድ የልዑካን ቡድን ተነገረ፤ ከዚያ ስለ መሠረተ ትምህርት ዘመቻ፤ ከዚያ ስለ አንድ ስብሰባ ረጅም ዘገባ። ሴትየዋ በትዕግሥት ራሷን ትነቀንቃለች። የስፖርቱ ተራ ሲደርስ ክንዴን ያዘችኝ። የእኛ ሰው አምስት ሺውንም አሸንፏል፤ በመጨረሻው ዙር አፈትልኮ፣ ሁሉንም ጥሎ ገብቷል።

እንደዚያ ያለ ደስታ ከዚያም በፊት ሆነ ከዚያ ወዲያ አይቼ አላውቅም። ሴትየዋ ልታሰማው የነበረውን እልልታ ነጠላዋን ነክሳ ዋጠችው፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። ቀዛፊው ሁለት እጁን ሳያገናኝ አየር ላይ አጨበጨበ። እኔ ቁጢጥ ብዬ ሣሩን በሁለት እጄ ጨመደድሁ። ሦስት ሰው፣ ድምፅ ሳያወጣ፣ አንዲት ጉማሬ እንዳትሰማው እየፈራ ይፈነጥዛል።

በዚህ መካከል ሐጂን አየኋቸው። ከዘራቸውን ይዘው በመንገዱ እየመጡ ነው፤ እኔን ፍለጋ እንደሆነ ገባኝ። አይተውኝ ሊጣሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ሦስታችንም በአንድ ጊዜ ጣታችንን ወደ ከንፈራችን አደረግን። ቆሙ። ወደ ሣሩ አዩ። ከዚያ በጉብታው ጀርባ ዞረው፣ እግራቸውን እየመረጡ መጡ።

ጆሯቸው ሥር ሆኜ፣ “አሸነፈ፣ ሐጂ። አምስት ሺውንም” አልኋቸው።

“አልሐምዱሊላህ” አሉ፤ ከትንፋሻቸው አልበለጠም። ከዚያ ወደ ሬዲዮው እያዩ፣ “ሠሪው እንዲህ ፈጥኖ ሠራው?” አሉኝ።

“አልደረስሁም። ሬዲዮው እዚህ ሲደርስ ራሱ ተናገረ።”

ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ትከሻቸው ተነቃነቀ፤ ለካ እየሳቁ ነው። ጋቢያቸውን አጥፈው የሾላው ሥር ላይ ተቀመጡ። ሴትየዋ ቆሎዋን ልትደብቅ ስትል አዩዋት። “ብዪ፣ ልጄ። ጾሙ የኔ ነው” አሏት።

ዜናው ሲያልቅ ሬዲዮው በአንድ ጊዜ የሰልፍ ሙዚቃ ለቀቀ። ጉማሬዋ ጭንቅላቷን አነሣች። ትንሹ ከእሷ ርቆ ወደ እኛ ጉብታ አቅጣጫ መጥቶ ነበር። እጄን ወደ ቅርንጫፉ ሰድጄ አጠፋሁት። ቀዛፊው እንዳትንቀሳቀሱ አለን፤ የሐጂ መዳፍ ጉልበቴ ላይ አርፎ ተሰማኝ። ጉማሬዋ ለረጅም ጊዜ አየችን። ከዚያ በአፍንጫዋ ከባድ ትንፋሽ ተነፈሰች፤ ልጇ ዞሮ ወደ እሷ ሮጠ፤ ሣሩን አቋርጠው ደንገሉን እየከፈሉ ውሃው ውስጥ ገቡ። ትንሽ ቆይቶ ሁለት ጥንድ ጆሮ ብቻ ከውሃው በላይ ቀረ።

ሰው መናገር ሲጀምር ሐጂ የጎርጎራውን መንገድ አነሡ። በሌሊት ሲጓዙ ጉማሬ ከጀልባቸው ሥር ሲያልፍ ጀልባዋ እንዴት ከፍ ብላ እንደወረደች፣ ተሳፋሪው በየሃይማኖቱ እንዴት እንደጸለየ ነገሩን። “በዚህ ባሕር ላይ ዕድሜዬን ጨረስሁ” አሉ፣ “የማየው ግን ጭነቴን ነበር። ጨውን ውሃ እንዳይነካው ስጠብቅ ውሃውን አላየሁትም።”

የከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ሲደርስ ሐጂ ከጉማሬዋ ራቅ ብለው፣ ከዳሩ ታጥበው ውዱእ አድርገው እዚያው ሰገዱ። ወደ ሠሪው የሄደ ሰው የለም። ቤት ስንደርስ እማማ በር ላይ ቆመው፣ “አንድ ቁራ ልኬ ሁለት ሆናችሁ መጣችሁ?” አሉ። ሐጂ የሩጫውን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ራሳቸው የሰሙ ይመስል ተረኩላቸው። እማማ ሾርባውን እያማሰሉ ሰምተው፣ “እሰይ፣ እናቱን ደስ ይበላት” አሉ።

ጾም ተፈትቶ ቴምርና ሾርባ ሲቀርብ ግን የጠየቁት ሌላ ነበር። “ትንሹ ምን ያክላል?” አሉኝ።

“ጥጃ ያክላል፣ እማማ። እግሩ አጭር ነው እንጂ።”

“እኔ ባሕሩን ካየሁት ስንት ክረምት አለፈኝ” አሉ። ከግቢው እስከ ውሃው ሩቅ አልነበረም። ሐጂ ቀና ብለው አዩዋቸው።

በማግሥቱ እሑድ ሦስታችንም ወረድን። ጉማሬዋ አልነበረችም፤ የጋጠችበት ሣር ብቻ ተረግጦ ይታያል። እማማ አልከፋቸውም። ከሾላው ሥር ተቀምጠው ነጫጮቹ ወፎች በአንድነት አንገታቸውን ሲደፉ፣ በአንድነት ቀና ሲሉ ያያሉ። ከማዶ በኩል ዝናቡ ባሕሩን እያነጣ መምጣት ጀመረ። ሐጂ ተነሥተው ጋቢያቸውን አራገፉና፣ “በይ እንሂድ፣ ደረሰብን” አሉ።

እማማ ዓይናቸውን ከውሃው ሳያነሡ፣ “ቆዩ እስቲ፣ ትንሽ” አሉ።