ለዘንዶው የተሰጠችው ልጅ ስም

ናይሮቢ በኖርኩባቸው ዓመታት የቅዳሜ ምሳዬን የምበላው ላቪንግተን፣ ከአንድ ወዳጄ ቤት ነበር። እኔ ዌስትላንድስ ካለ ቢሮ ለውጭ የዜና ወኪል እዘግባለሁ፤ እሱ ጊጊሪ ባለው የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት የስብሰባ አስተርጓሚ ነው። ሚስቱ የአየር መንገድ ሠራተኛ ስለሆነች ቅዳሜን እምብዛም አናገኛትም። ስለዚህ ገበታው ላይ ሦስት ነን፤ እሱ፣ እኔና ሁለተኛ ደረጃ ልትጨርስ የተቃረበችው አንድ ልጁ።

ልጅቷ ናይሮቢ ተወልዳ ናይሮቢ ያደገች ናት። አማርኛ ትሰማለች፤ ስትመልስ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ወደ እንግሊዝኛ ታጥፋለች። ፊደል ቆጥራለች ይላል አባቷ። ቆጥራለች፤ አንድ ገጽ ለማንበብ ግን ግማሽ ሰዓት ይፈጅባታል። የምትወደው ጠንቋይ፣ ድንክና ዘንዶ የሞላባቸውን ወፋፍራም የእንግሊዝኛ ልብ ወለዶች ነው። አንድ ቅዳሜ የገጸ ባሕርያቱ ስሞች ከየት እንደመጡ ስትነግረን ዋለች። ይሄኛው ከሰሜን አውሮፓ ተረት፣ ያቺኛዋ ከአየርላንድ የጦርነት አምላክ፤ ለጥበብ ሲል አንድ ዓይኑን የሰጠ አምላክም ነበረበት።

አባቷ ሹካውን አስቀመጠ። «የኛንስ ዘንዶ ታውቂዋለሽ?»

«እኛ ዘንዶ አለን?»

«አለን ወይ ትላለች! አገር ሲገዛ የነበረ ዘንዶ!»

«ሲሪየስሊ? ስሙ ማነው?»

መጽሐፉ የተጀመረው በዚህ ጥያቄ ነው። በማግስቱ መጻፍ ጀመረ፤ ዘንዶ፣ አስማትና መጻተኛ ጀግና ያለበት የአማርኛ ልብ ወለድ። ልጅቷ ሁለተኛ ደረጃን ስትጨርስ ለዩኒቨርሲቲ ወደ ካናዳ ትሄዳለች። ከዚያ በፊት አንብባው እንድትሄድ ፈለገ። ዌስትላንድስ አደባባይ ላይ በትራፊክ መጨናነቅ መኪናው ውስጥ ታግተን ሳለን፣ «ከሄደች በኋላ በምንድን ነው የምናወራው?» አለኝ። «ቀን ሙሉ የሰው ንግግር ከቋንቋ ቋንቋ ሳሻግር ውዬ፣ ከልጄ ጋር አስተርጓሚ ሊያስፈልገኝ ነው።»

የኔ ሥራ ስሞቹን ማጣራት ሆነ። ምንጭ የሌለው ስም እንዳይገባ ተስማማን። ዘንዶው አርዌ ነው። በግዕዝ መዝገበ ቃላት ሳየው አርዌ አውሬ ማለት ሆኖ አገኘሁት። ስም አልነበረም፤ የፈሩት ሰዎች በደፈናው «አውሬው» ይሉት ነበር ማለት ነው። ደውዬ ስነግረው ጮኸ። «አንተ! ይሄ እኮ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ነው!» መርዝ የበላች ፍየል አብልቶ ዘንዶውን የሚገድለው መጻተኛም ስም አለው። ሕፃናት የምትገድለውን ወርዘልያን ከክታብ ላይ አመጣናት። የቀረችው ለዘንዶው የምትገበረው ልጅ ብቻ ነበረች።

እሷ ስም የላትም። በአንድ ትረካ ለዘንዶው የተሰጠችው ልጅ ኋላ ንግሥት የምትሆነው ናት፤ እሷን ግን የሚያድኗት ቅዱሳን ናቸው። መጻተኛው ባለበት ትረካ የተጻፈው ሰዎች የበኩር ሴት ልጃቸውን ይሰጡ እንደነበር ብቻ ነው። ሁለቱን ማደባለቅ አልፈለገም። እኔም አልመከርኩትም። አስተርጓሚ ተናጋሪው ያላለውን አይጨምርም፤ ዘጋቢም ያልተነገረውን ስም አይጽፍም። ልጅቷ በምትጠራበት ቦታ ሁሉ ነጥብ ደረደረ።

ሦስተኛው ምዕራፍ ሲያልቅ፣ ልጅቷ ልትሄድ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሯት፣ ለልጁ ሰጣት። እንዲቀላት ስሞቹን በላቲን ፊደል ከጎን ጽፎላት ነበር። አጎንብሳ ጀመረች።

«አር ዊ...» አለችና ቀና አለች። «አር ዊ ዋት፣ ዳዲ?»

«አርዌ!»

«አርዌ ነው እንዴ? አንክል፣ አንተ ንገረኝ፣ ይሄ አር ዊ አይልም?»

አየሁት። በእንግሊዝኛ ዓይን ላነበበው በእርግጥ «ነን ወይ?» ይላል። ሦስታችንም ሳቅን፤ እሱ ቀድሞን አቆመ። ጣቷን ፊደሉ ላይ እየጎተተች ቀጠለችና ነጥቦቹ ጋ ደረሰች።

«ይቺ ልጅ ስሟ የታለ?»

«ታሪኩ አይናገርም።»

«ዝም ብለህ ፍጠርላታ! ፋንታሲ እኮ ነው።»

«ምንጭ የሌለው ስም አላወጣም።»

«ለኔ ስታወጣ ምንጭ ነበረህ?»

«የእናቴን ስም ነው የሰጠሁሽ።»

«ሳዋ» አለች በስዋሂሊ፤ «እሺ፣ እሱኑ ስጣት።»

«እናቴን ለዘንዶ?»

«እኔንስ?» አለች፤ ቀልዷን ይሁን የምሯን አልለየሁም። «ዘንዶው ስም አለው፣ ገዳዩ ስም አለው፣ እሷ ብቻ ነጥብ። ዘንዶው ማንን ነው የሚበላው? ነጥብ?»

አባቷ ወደኔ ዞረ። ስብሰባ ላይ ቃል ሲጠፋበት ጓደኛውን እንደሚያየው ዓይነት አየኝ። ፈልጌ እንዳላገኘሁ ነገርኩት። እውነቱ ይኸው ነበር። ልጅቷ ወረቀቱን ገበታው ላይ ትታ ተነሣች፤ ሻንጣዋን ማሰናዳት ነበረባት።

ከሄደች በኋላ እሑድ እሑድ ይደውልላት ነበር። መጀመሪያ አካባቢ ስም ተገኘላት ወይ እያለች ትጠይቀው ነበር። እሱም አዲስ አበባ ያሉ ወዳጆቹን እንደጠየቀ፣ እስካሁን ያገኘ እንደሌለ ይነግራታል። ቆይቶ መጠየቁን ተወች። አንድ ቀን ስልኩን እንደዘጋ ደረስኩ። የልጅቷን ስም አንቺው ምረጪ ብሏት ኖሯል።

«ምን አለችህ?»

«የትኛዋ ልጅ አለችኝ። በእንግሊዝኛ።»

ከዚያ ወዲህ መስመር አልጨመረም። እኔም አልጎተጎትኩትም፤ ለማን ይጨምራል?

ከናይሮቢ ስዛወር ሦስቱን ምዕራፎች አስይዞ ሸኘኝ። እሱ ዘንድ የሚያነባቸው የለም። አንዳንዴ አወጣቸዋለሁ። ሦስተኛው ምዕራፍ ሲያልቅ ልጅቷ ዛፍ ላይ ታስራለች፤ ዘንዶው እየመጣ ሣሩ ይተኛል፤ እሷም ሰው ትጣራለች። የሚሰማት የለም፤ የምትጣራበት ዓረፍተ ነገርም በነጥብ ይጀምራል። መጻተኛው የሚደርሰው አራተኛው ምዕራፍ ላይ ነው። አራተኛው ምዕራፍ አልተጻፈም።